አሮጌ ሃይሉክስ ሲጮህና ሲነዝር፦ ብሎን ከመፍታት በፊት ምክንያቱን ማግኘት

የምነዳው 2.8 ናፍጣ ሞተር ያለው ሃይሉክስ ደብል ጋቢና ነው። ፊቱም ኋላውም ባሌስትራ ነው፣ ፎር ዊል አለው። አንድ ክረምት ላይ ፍጥነቱ 80 ሲደርስ ወለሉ በሙሉ መንዘር ጀመረ። ጋራዥ ወሰድኩት። መካኒኩ አንድ ዙር ነድቶት ተመለሰና «ካምቢዮ ነው» አለኝ። ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ወረደ፣ ኩሽኔታ (ዘንግ የሚዞርበት ቤሪንግ) ተቀየረ፣ ተገጠመ። ንዝረቱ ግን እንዳለ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጎማ ላስነፋ ጎንበስ ስል የኋላ ግራ ቸርኬ ውስጥ እንደ ሸክላ የደረቀ ጭቃ ተለጥፎ አየሁ። በካቻቢቴ ፈልፍዬ አወጣሁት። መኪናው እንደ ድሮው ሆነ።

ያ ገንዘብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አጥብቄ ይዣለሁ። ድምፁ ምንን ተከትሎ እንደሚመጣ ሳላውቅ አንድም ብሎን አላስፈታም። ይህን ለማወቅ አንድ ሰዓት፣ ጥሩ መንገድና አንድ ማስታወሻ ደብተር ይበቃል።

ከዚህ በታች ያለው በዋናነት እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 1997 ለተመረተው ሃይሉክስ ይሆናል። ሞተሩ ከፊት ሆኖ የኋላ ጎማውን በሻፍት ለሚያዞር ሌላ የቆየ ፒካፕም አብዛኛው ይሠራል።

መጀመሪያ የኃይሉን መንገድ እንወቅ

ኃይሉ ከሞተር ተነስቶ በፍሪሲዮን በኩል ካምቢዮ ይገባል። ከካምቢዮው ወደ ፎር ዊል ማከፋፈያው፣ ከዚያ በፕሮፔለር ሻፍት ዙሩን ለግራና ለቀኝ ጎማ ወደሚያከፋፍለው የኋላ ዲፈረንሻል፣ በመጨረሻ በአክስሎቹ ወደ ጎማ ይሄዳል። ሻፍቱ ጫፍና ጫፉ ላይ ክሮቼራ አለው። መስቀል የሚመስለው፣ ሻፍቱ ወደ ላይና ወደ ታች እየታጠፈ እንዲዞር የሚያደርገው ዕቃ ማለት ነው። አንዳንዱ ፒካፕ ሻፍቱ ሁለት ቁራጭ ሲሆን መሃል ላይ ሻንሲው ላይ የተንጠለጠለ ባለ ጎማ ኩሽኔታ ይኖረዋል።

ቁልፉ ነገር እዚህ ላይ ነው። ከካምቢዮ በፊት ያለው ሁሉ የሞተሩን ዙር ይከተላል። ከካምቢዮ በኋላ ያለው ሁሉ የመኪናውን ፍጥነት ይከተላል።

በቁጥር እንየው። የጎማው ዙሪያ ወደ 2.3 ሜትር ቢሆን፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ ጎማው በሴኮንድ ወደ 10 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ዲፈረንሻሉ ሬሾው 4.3 ከሆነ፣ ማለትም ጎማው አንዴ ሲዞር ሻፍቱ 4.3 ጊዜ የሚዞር ከሆነ፣ ሻፍቱ በዚያው ሴኮንድ ከ40 ጊዜ በላይ ይዞራል። በደቂቃ 2,500 ገደማ መሆኑ ነው። ስለዚህ የጎማ ንዝረት እንደ መርገፍገፍ ነው፤ መሪውን ወይም ወንበሩን ሲያወዛውዝ ይታወቃችኋል። የሻፍት ንዝረት ግን ደቃቅ ነው። የእግር ጣትን ያሳክካል፣ የኋላ ማሳያ መስታወቱ ውስጥ ያለውን ምስል ያደበዝዛል፣ ጆሮ ላይ እንደ እምምም ይሰማል። ይህን ልዩነት ከለያችሁ ግማሹን ሠርታችኋል።

ከመንዳት በፊት የሚሠራ

የጎማዎቹን ነፋስ አስተካክሉ። ቸርኬዎቹን ከውስጥ በኩል እጠቡ። የውጩን ሁሉም ያጥባል፤ ጭቃው የሚደበቀው ከውስጥ ነው። ሻፍቱ ላይ የተጠመጠመ ገመድ፣ ፌስታል ወይም የደረቀ ጭቃ ካለ አጽዱ። ከኋላ ጭነቱን አውርዱ፣ ክሪኩንና የጎማ መፍቻውን በጨርቅ ጠቅልሉ።

ፎር ዊል ከሆነ የፊት ሞሶዎቹ (ጎማው የሚታሰርባቸው የመሃል ክፍሎች) ላይ ያለውን መቆለፊያ እዩ። ሁለቱም «ፍሪ» ላይ መሆን አለባቸው። አንዱ ተቆልፎ ሌላው ከተለቀቀ የፊት ዲፈረንሻል ውስጥ ያለው ጥርስ በከንቱ እየዞረ ይጮሃል። ሌላም አለ። እንዲህ ያለ መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ በፎር ዊል ሊነዳ አይገባም። መታጠፊያ ላይ የፊትና የኋላ ጎማ እኩል ርቀት አይሄዱም፤ ማከፋፈያው ግን እኩል ሊያዞራቸው ይታገላል። መኪናው ይያዛል፣ ይነጥራል፣ ከሥር ጓ ይላል። ዕቃ የተሰበረ ይመስላል፤ ግን ማርሹን ወደ ሁለት ጎማ መመለስ ብቻ ነው መፍትሔው።

ነድቶ መፈተሽ

ቀጥ ያለ፣ ሜዳ የሆነ፣ መኪና የማይበዛበት አስፋልት ምረጡ። ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። አንዱ ይንዳ፣ ሌላው ይስማና ይጻፍ። ስልክ በድምፅ መቅጃ ከፍቶ ማስቀመጥም ይጠቅማል።

አንደኛ፣ ድምፁ ወይም ንዝረቱ የሚጀምርበትን ፍጥነት ጻፉ። የሚጠፋበትንም ጻፉ። «60 ላይ ይጀምራል፣ 75 ላይ ይብሳል፣ 90 ላይ ይቀንሳል» የሚል አንድ መስመር «መኪናው ይጮሃል» ከሚል ገጽ ሙሉ ወሬ ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ በዚያው ፍጥነት ማርሽ ቀይሩ። በ5ኛ እየሄዳችሁ ከሆነ ወደ 4ኛ አውርዱና ፍጥነቱን ያዙ። የሞተሩ ዙር ጨመረ፣ የመኪናው ፍጥነት ግን አልተለወጠም። ንዝረቱ እንደነበረ ከቀጠለ ምክንያቱ ከካምቢዮ በኋላ ነው። ከተለወጠ ወደ ፊት እንመለሳለን፤ ሞተር፣ ፍሪሲዮን ወይም ካምቢዮ ነው። እኔ ይህን አንድ ሙከራ ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ካምቢዮዬ አይወርድም ነበር።

ሦስተኛ፣ በዚያው ፍጥነት ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ሞተሩ ወደ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ወደሚዞርበት ዙር) ይውረድ። ቁልፉን ፈጽሞ አታጥፉ፤ መሪው ሊቆለፍ ይችላል፣ የፍሬኑ ማገዣም የሚሠራው ሞተሩ ሲዞር ነው። ቁልቁለት ላይም አትሞክሩት። ድምፁ ካልጠፋ ሻፍት፣ ዲፈረንሻል፣ የጎማ ኩሽኔታ ወይም ጎማው ራሱ ነው።

አራተኛ፣ ነዳጅ ስጡ፣ ከዚያ ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ ያዙ፣ ከዚያ ልቀቁ። ድምፁ በሦስቱ ጊዜ ከተለዋወጠ ጣታችሁን ወደ ዲፈረንሻል ቀስሩ። የጎማና የጎማ ኩሽኔታ ድምፅ ነዳጅ ሰጣችሁ ለቀቃችሁ ብዙም ግድ የለውም።

አምስተኛ፣ ከ40 እስከ 50 ባለው ፍጥነት መንገዱ ባዶ መሆኑን አይታችሁ መሪውን በቀስታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አወዛውዙ። ወደ ግራ ስትታጠፉ ክብደቱ ቀኝ ጎማ ላይ ያርፋል። ያን ጊዜ ጉርምርምታው ከጨመረ የቀኝ ጎማ ኩሽኔታን ጠርጥሩ። ወደ ቀኝ ሲሆን ከጨመረ ደግሞ የግራውን።

ስድስተኛ፣ የአስፋልት ዓይነት ወደሚለያይበት መንገድ ግቡ። ከሻካራ አስፋልት ወደ አዲስ ልስልስ አስፋልት ስትሻገሩ ድምፁ ከተለወጠ ጎማ ነው። እንደ መጋዝ ጥርስ እየተፈረካከሰ ያለቀ ጎማ የዲፈረንሻል ኩሽኔታ ያለቀ እስኪመስል ድረስ ያጉረመርማል። ለማረጋገጥ የፊቱን ጎማ ወደ ኋላ አዟዙሩ። ድምፁ ቦታ ከቀየረ ጉዳዩ አለቀ፤ ዲፈረንሻሉን አትንኩ።

ሰባተኛው ቆሞ የሚሠራ ነው። ኒውትራል ላይ ሆናችሁ ሞተሩን በመንገድ ላይ ወደነበረበት ዙር አድርሱት። ቆሞም ከነዘረ የሞተር ወይም የካምቢዮ ጎሚኒ (መያዣ ላስቲክ) ተበጥሷል፣ አለዚያም የጭስ ማውጫው ቱቦ ሻንሲውን እየነካ ነው። ከማርሚታው (ከድምፅ ማፈኛው) እስከ ኋላ ያሉትን ማንጠልጠያዎች አንድ በአንድ እዩ።

ከ20 ኪሎ ሜትር በኋላ ቆማችሁ የእጃችሁን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ ሞሶ በጥንቃቄ አስጠጉ። ከሌሎቹ ተለይቶ የሚያቃጥል ካለ ኩሽኔታው ወይም የተያዘ ፍሬን ነው። ያን መኪና በዚያው አትንዱት።

ከሥር መግባት

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ክሪክ ለማንሳት ነው፣ ለመያዝ አይደለም። ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙ፣ የፊት ጎማዎቹን በፊትም በኋላም በድንጋይ ወይም በወፍራም እንጨት አግዱ፣ ካነሳችሁ በኋላ አክስሉን በብረት መቆሚያ ላይ አሳርፉ። ብሎኬት አትጠቀሙ፤ ሳያስጠነቅቅ ይፈርሳል። የዚህ መኪና የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማን ነው። የኋላው ሲነሳ የእጅ ፍሬኑ መሬት ላይ ያለውን መኪና አይይዝም። አንዱን የኋላ ጎማ ብቻ ብታነሱም ማርሽ ማስገባቱ አያድናችሁም። ዲፈረንሻሉ የተነሳውን ጎማ እያዞረ መኪናው ሊንሸራተት ይችላል። የሚያድናችሁ የፊት ጎማው እገዳ ነው።

ሞተሩ እየሠራ፣ ጎማው እየዞረ ከሥር መግባት ደግሞ የለም። ልብስ ሻፍት ላይ ሲጠመጠም ለመጮህ እንኳ ጊዜ አይሰጥም።

ሻፍትና ክሮቼራ

ከሁሉ ቀድሜ የማየው ይህን ነው፤ ቀላልም ርካሽም ስለሆነ። ኒውትራል ላይ አድርጉና ሻፍቱን በአንድ እጅ፣ ከክሮቼራው ማዶ ያለውን በሌላ እጅ ይዛችሁ በተቃራኒ አጠማዝዙ። ወደ ላይና ወደ ታችም ግፉ። ክሮቼራው መሃል ላይ በዓይን የሚታይ እንቅስቃሴ ካለ አልቋል። ጫፉ ላይ በርበሬ የመሰለ ቀይ ዱቄት ካያችሁ ግራሶው ደርቆ ውስጡ ዝጓል ማለት ነው። ገና ስትነሱ እንደ ወፍ ጫጩት ሲጥ ሲጥ የሚል፣ ፍጥነት ሲጨምር የሚጠፋ ድምፅ የዚህ ነው። ነዳጅ ስትለቁና መልሳችሁ ስትሰጡ ጓ የሚለውም ብዙ ጊዜ እዚህ ነው።

የላላ ክሮቼራ ይዞ «እስከ ሰኞ ይድረስ» ማለት አደገኛ ነው። የፊተኛው ጫፍ ከተበጠሰ ሻፍቱ መሬት ላይ ወድቆ መኪናውን ሊያነሳው ይችላል።

ሻፍቱ ርዝመቱን እያስተካከለ የሚገባና የሚወጣበት ጥርሳም ክፍል አለው። ቆማችሁ ስትነሱ፣ ወይም ልትቆሙ ስትቃረቡ አንድ ጊዜ ብቻ ጓ ካለ ይህ ክፍል ግራሶ ጠምቶት ሊሆን ይችላል። በግራሶ መስጫው ስጡት፤ ግን አታብዙ። ከሞላ ሻፍቱ መግባት ያቅተውና የካምቢዮውን ወይም የዲፈረንሻሉን ኩሽኔታ ይገፋል።

ሻፍቱን የምታወርዱ ከሆነ ከመፍታታችሁ በፊት በቀለም ወይም በፖንሶን ምልክት አድርጉ። ጥርሳሙ ክፍል አንድ ጥርስ እንኳ ተዛንፎ ከተገጠመ የሁለቱ ጫፍ ክሮቼራዎች አይገጣጠሙም። ድሮ ያልነበረ ንዝረት ይዞ ይመጣል። ክሮቼራ ከተቀየረ በኋላ የባሰ የነዘረ መኪና ካላችሁ መጀመሪያ ይህን እዩ። ሻፍቱ ላይ የተበየዱ ትንንሽ የባላንስ ብረቶችም አሉ። ወድቆ የቀረ ብየዳ ምልክት ወይም ድንጋይ የመታው ጎድጓዳ ካለ ሻፍቱ ቶርኖ ቤት ሄዶ ባላንስ ይሠራለት።

ሻፍቱ ሁለት ቁራጭ ከሆነ የመሃሉን ኩሽኔታ ጎማ ወደ ላይ ግፉት። ተቀዶ ከሆነ መኪናው ሲነሳ ይንቀጠቀጣል። ይህን ከፍሪሲዮን መንቀጥቀጥ ጋር አታምታቱት። ፍሪሲዮን ከሆነ እግራችሁ ፔዳሉን እየለቀቀ ሳለ ብቻ ይንቀጠቀጣል፤ ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ ሲለቀቅ ያቆማል። ሻፍት ከሆነ እግራችሁን ካነሳችሁ በኋላም እስከ 30 ገደማ ይከተላችኋል።

አገራችን ውስጥ በጣም የማየው አንድ ነገር አለ። ጭነት እንዲችል ተብሎ ባሌስትራ ይጨመራል፣ የኋላው ከፍ ይላል። ከፍ ሲል የሻፍቱ ማዕዘን ይለወጣል። ባዶውን ሲነዳ ይነዝራል፣ ጭነት ሲጫን ጸጥ ይላል። እንዲህ ከሆነ ክሮቼራ ደጋግሞ መቀየር ዋጋ የለውም። በአክስሉና በባሌስትራው መካከል የብረት ሽብልቅ ገብቶ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ መስተካከል አለበት። ባሌስትራውን አስሮ የሚይዘው የመሃል ብሎን ተበጥሶ አክስሉ ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን ሸሽቶ እንዳይሆንም እዩ።

ዲፈረንሻል

ዲፈረንሻል ሲያፏጭ ሰው ይደነግጣል፤ ደግሞም ቶሎ ይከፍተዋል። የፒኞኑ (ከሻፍቱ ጋር የሚዞረው ትንሹ ጥርሳም) እና የኮሮናው (እሱ የሚያዞረው ትልቁ ጥርሳም) ጥርሶች የሚገጣጠሙበት ርቀት ከሚሊ ሜትር ባነሰ መጠን የተለካ ነው። ያለ መለኪያ ተከፍቶ የተዘጋ ዲፈረንሻል ጸጥ ያለው እንኳ መጮህ ይጀምራል። ስለዚህ መጀመሪያ ድምፁን አንብቡት።

ነዳጅ ስትሰጡ ብቻ የሚያፏጭ ከሆነ የጥርሶቹ የፊት ጎን አልቋል ወይም የፒኞኑ ኩሽኔታ ተበላሽቷል። ስትለቁ ብቻ የሚያፏጭ ከሆነ የፒኞኑ ዳዶ ላልቶ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ እንደሚወርደው ያለ ረጅም ቁልቁለት ጥሩ ፈታኝ ነው፤ በማርሽ ተይዞ ሲወርድ የተደበቀው ፉጨት ሁሉ ይወጣል። ምንም ብታደርጉ የማይለወጥ ወፍራም ጉርምርምታ የኩሽኔታ ነው። መታጠፊያ ላይ ብቻ የሚንኳኳ ከሆነ በውስጥ ያሉት ትንንሾቹ ጥርሶች ናቸው።

ከሥር ሆናችሁ ሻፍቱ ዲፈረንሻሉ ላይ የታሰረበትን ክፍል ያዙ። ወደ ግራና ቀኝ ጥቂት መዞር ያለ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወይም ወደ ውስጥና ወደ ውጭ መነቃነቅ ግን ጨርሶ አይፈቀድም። የፒኞን ኩሽኔታ ነው።

ከዚያ ዘይቱ። ሁልጊዜ መጀመሪያ የላይኛውን የመሙያ ብሎን ፍቱ። የታችኛውን ቀድማችሁ ከፍታችሁ ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ የላይኛው ዝጎ እምቢ ቢል መኪናው እዚያው ቀረ። ዘይቱ እስከ መሙያው ከንፈር መድረስ አለበት። ጣት አስገብቶ መንካት ይበቃል። የታችኛው ብሎን ላይ ብር የመሰለ ለስላሳ ጭቃ ካለ የተለመደ መልበስ ነው። በጣት የሚቆረቁር ፍርፋሪ ከወጣ ግን ጥርስ ወይም ኩሽኔታ እየተሰበረ ነው። ዘይቱ ወተት ያለው ሻይ ከመሰለ ወንዝ ስትሻገሩ ውኃ ገብቷል። ዛሬውኑ ይቀየር። ለዲፈረንሻል ጀሪካኑ ላይ ጂኤል-5 የሚል 90 ወይም 80ደብልዩ-90 ዘይት ይሁን። ለካምቢዮው ግን ያንኑ ዝም ብላችሁ አትጨምሩ፤ አንዳንዱ ጂኤል-5 የካምቢዮውን የነሐስ ቀለበቶች ይጎዳል፣ የመኪናው መጽሐፍ የሚለውን ተከተሉ።

አክስሉ አናት ላይ ትንሽ መተንፈሻ አለች። ጭቃ ሲደፍናት ውስጡ ሲሞቅ አየሩ መውጫ ያጣና ዘይቱን እንዳይፈስ በሚከለክሉት ማኅተሞች በኩል ይገፋዋል። ደጋግሞ ማኅተም የሚያፈስ ዲፈረንሻል ካላችሁ ይህችን ክፈቱ። የምትሠራው የጥቂት ደቂቃ ሥራ ናት፤ ማንም ግን አያያትም።

የጎማ ኩሽኔታ እና ካምቢዮ

ጎማውን አንሱ። ላይና ታቹን ይዛችሁ ግፉና ሳቡ። ቀጭ ቀጭ ካለ ፍሬን አስረግጡ። ፍሬን ተረግጦ እንቅስቃሴው ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ የመሪው መገጣጠሚያ ነው። ጎማውን በእጅ አዙራችሁ ሌላውን እጅ ባሌስትራው ላይ አድርጉ። የተበላሸ ኩሽኔታ እንደ ወፍጮ ሲፈጭ እጅ ላይ ይሰማል። የፊቱን ማጥበቅ ይቻላል፤ ግን በልኩ። በጣም የጠበቀ ኩሽኔታ ይቃጠላል።

ካምቢዮን የምጠረጥረው ከላይ ያሉት ሁሉ ንጹሕ ሲሆኑ ነው። ኒውትራል ላይ ቆሞ ጉርር የሚል፣ ፍሪሲዮን ስትረግጡ ጸጥ የሚል ከሆነ የካምቢዮ ኩሽኔታ ነው። ተቃራኒው፣ ስትረግጡ የሚጮህ ከሆነ የፍሪሲዮን ማስለቀቂያ ኩሽኔታ ነው። በሌሎቹ ማርሾች እየጮኸ 4ኛ ላይ የሚረጋጋ ከሆነ የታችኛው ዘንግ ኩሽኔታዎች ናቸው። በ4ኛ ኃይሉ ቀጥታ ስለሚያልፍ ያ ዘንግ ይዞራል እንጂ አይሸከምም። በአንድ ማርሽ ብቻ ከጮኸ የዚያ ማርሽ ጥርስ ነው።

ዕቃ ስትገዙ

ሶማሌ ተራ ሙሉ ዲፈረንሻል የምትገዙ ከሆነ ሬሾውን ሳትቆጥሩ ብር አትክፈሉ። ፎር ዊል ላይ የፊትና የኋላው ሬሾ አንድ መሆን አለበት፤ አለዚያ ፎር ዊል ባስገባችሁ ቁጥር እርስ በርሳቸው ይታገላሉ፣ ማከፋፈያውም ይሰበራል። በመኪናችሁ ላይ ያለውን ለማወቅ አንድ የኋላ ጎማ አንሱ፣ ሌላው መሬት ላይ ይሁን፣ ማርሹ ኒውትራል ይሁን። የተነሳውን ጎማ በትክክል ሁለት ዙር አዙሩ፣ ሌላ ሰው ሻፍቱ ስንት ጊዜ እንደዞረ ይቁጠር። አራት ዙርና ጥቂት ካለ ሬሾው 4.1 አካባቢ ነው፣ አራት ዙር ተኩል ካለፈ 4.5 አካባቢ። ሻፍቱ ላይ በጠመኔ ምልክት ብታደርጉ ቁጥሩ አይሳሳትም። ሱቅ ውስጥ አክስል ሳይገጠምበት ለብቻው ያለውን ደግሞ የኮሮናውን ጥርስ በፒኞኑ ጥርስ ማካፈል ነው። 41 ለ 9 ከሆነ 4.556 ይመጣል።

ሥራው ካለቀ በኋላ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው ማርሽ መልሳችሁ ንዱ። ደብተሩን ከፍታችሁ ከፊተኛው ጋር አስተያዩ። ሻፍት ከተፈታ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ ብሎኖቹን በቁልፍ ደግማችሁ ሞክሩ፤ አዲስ የታሰረ ብሎን ትንሽ ይላላል። ያን ቀን ከሥር እንደገባችሁ ቸርኬዎቹንም ከውስጥ እዩ።